የግመል ፀጉር፦ የባሕታዊ ልብስ ወይስ የሀብታም ካፖርት?

ታናሽ ወንድሜ አስተማሪ ነው። ዘንድሮ ደብረ ታቦር ተመደበ። ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ደብረ ታቦር ማለት ብርድ ማለት ነው። ከጉና በኩል የሚመጣው የሌሊት ንፋስ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጣና ከሰልባጅ ተራ አንድ ካፖርት ይዞ መጣ። ረጅም ነው፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ፤ ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ ቁልፍ አለው። ሻጩ «ንጹሕ የግመል ነው፣ ሌላ ቦታ አታገኘውም» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎበታል።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። የካፖርቱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ አሸችው።

«የግመል ፀጉርማ መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ የለበሰው ነው» አለች። «ሥጋን ለመቅጣት ነው እንጂ ማን ለምቾት ይለብሰዋል? ይሄ እኮ ለስላሳ ነው። አታለውሃል፣ ልጄ።»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ስልኩን አወጣ። በውጭ አገር ሱቆች የግመል ፀጉር ካፖርት የሚሸጥበትን ዋጋ አሳያት። የብዙ ወር ደመወዙን ይበላል። «ለቅጣት የሚለበስ ነገር ይሄን ያህል ያወጣል?»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ዳኛ መሆኔ ነው። ያን ቀን በደንብ አልመለስኩላቸውም፤ አሁን ልሞክር። የተባበሩት መንግሥታት የፈረንጆቹን 2024 የግመልና የዘመዶቹ ዓመት ብሎት ስለነበር ስለ እንስሳው ብዙ ተወርቷል። የተወራው ግን አብዛኛው ስለ ወተቱና ስለ ድርቅ ነበር። ፀጉሩን ያስታወሰው ጥቂት ነው። የፀጉሩ ነገር ደግሞ ከእንስሳው አፈጣጠር ካልጀመሩ አይገባም።

ለመሆኑ ግመል ስንት ዓይነት ነው?

እኛ «ግመል» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ባለ አንድ ሻኛው ነው። አፋር፣ ሶማሌና ቦረና ያለው እሱ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የወረደ ሰውም መንገድ ላይ የሚያገኘው እሱን ነው። ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዓረብ አገር፣ እስከ ሕንድም ያለው ያው ነው። የሙቅ በረሃ እንስሳ ነው።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ሻኛ ነው። አገሩ ሞንጎሊያ፣ ሰሜን ቻይናና መካከለኛው እስያ ነው። የጎቢ በረሃ እዚያ ነው ያለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። በረሃ ሲባል ወዲያው ሙቀት ይታየናል። በረሃን በረሃ የሚያሰኘው ግን የውሃ እጦት ነው። ጎቢ በበጋው 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ይወርዳል። ያው አንድ ግመል፣ በዚያው ሜዳ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ይችላል።

ሦስተኛም አለ። ሰው ያላለመደው፣ በቻይናና በሞንጎሊያ ድንበር አካባቢ የሚኖር የዱር ግመል ነው። ባለ ሁለት ሻኛ ቢሆንም ከለማዳው የተለየ ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ከ1,000 በታች እንደቀረ ይገመታል።

ለፀጉር ወሬያችን ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ሻጭ «የግመል ካፖርት» ሲል ጨርቁ የመጣው ከሁለተኛው ነው። የእናቴ ዮሐንስ ግን የኖረው በመጀመሪያው አገር ነው።

ሻኛው ውስጥ ውሃ አለ?

የለም። ልጅ ሆነን የተነገረን «የውሃ ጋን» ወሬ ነው። ሻኛው ስብ ነው። የበግ ላትን አስቡት። በጉ በደህና ጊዜ የበላውን ላቱ ላይ ያጠራቅማል፤ ሲከፋ ከዚያ ይበላል። ግመልም እንደዚያው ነው። ብዙ ቀን የተራበ ግመል ሻኛው ይሟሽሻል፤ አንዳንዴም ወደ ጎን ዘንበል ይላል።

ስቡ አንድ ቦታ መከማቸቱ ሌላ ጥቅም አለው። ስብ በመላው ሰውነት ከቆዳ ሥር ቢነጠፍ ኖሮ ግመሉ በሙቀት አገር ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደ መሄድ ይሆንበት ነበር። ጀርባው ላይ ከተቆለለ የቀረው ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ይችላል።

«ስቡ ሲቃጠል ውሃ ይሰጣል» የሚሉም አሉ። ይሰጣል። ነገር ግን ስቡን ለማቃጠል ብዙ አየር መተንፈስ ያስፈልጋል፤ በትንፋሹ የሚወጣው እርጥበት የተገኘውን ያህል ይወስዳል። ከሻኛው የሚገኘው ትርፍ ስንቅ ነው፤ ውሃ አይደለም።

ሌላ የሚገርም ነገር፦ የግመል ዘር መነሻው አፍሪካም ዓረብም አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ነው። ወደ እስያ የተሻገረው አላስካና ሳይቤሪያ በየብስ በተያያዙበት ዘመን ነው። በፈረንጆቹ 2013 ተመራማሪዎች በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ኤልስሚር በተባለ ደሴት፣ የ3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የግመል አጥንት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ያ ግመል ከዛሬው በ30 በመቶ ገደማ ይገዝፍ ነበር። የኖረው ብርዱ በሚበረታበትና ጨለማው ለወራት በሚቆይበት ጫካ ነው። ስለዚህ የስብ ሻኛውም ሆነ ሰፊው የእግሩ መዳፍ መጀመሪያ የጠቀመው ለበረዶ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ አሸዋው በኋላ የመጣ ነው።

ታዲያ ውሃ ሳይጠጣ እንዴት ይቆያል?

ምሥጢሩ ውሃ ማጠራቀም ሳይሆን ውሃ አለማባከን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ላብ። ሰው 37 ዲግሪ ላይ ነው የሚኖረው። ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ ያልበናል፤ ሁለት ዲግሪ ሲጨምር ታመናል እንላለን። ውሃ የጠማው ግመል ግን ሰውነቱ ማለዳ 34 ዲግሪ ሆኖ ይነሳል፤ እስከ ከሰዓት ድረስ ቀስ እያለ ወደ 40 እና 41 ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ብዙም አያልበውም። የጣና ዳር ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠጥቶ ማታ የያዘውን ሙቀት እንደሚለቅ ማለት ነው። ግመሉም ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ለሌሊቱ ቅዝቃዜ ያስረክባል። በዚህ ዘዴ ብቻ ትልቅ ግመል በቀን 5 ሊትር ገደማ ላብ ይቆጥባል።

ሁለተኛ፣ አፍንጫው። ወጥ የተጣደበትን ድስት ክዳን አንሱና ከሥሩ እዩት። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ጠብታ ሆኖ ይንጠለጠላል። የግመል አፍንጫ ውስጡ እንደ ጥቅልል ወረቀት የተጠማዘዘ ነው። ሌሊት ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሲስብ ጥቅልሉ ይቀዘቅዛል። መልሶ ሲተነፍስ ከሳንባ የመጣው እርጥብ አየር ያንን ቀዝቃዛ ግድግዳ ይነካና እርጥበቱን ጥሎ ይወጣል። ወደ ውጭ ሊሄድ የነበረው ውሃ ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከኋላ የሚወጣው። ሽንቱ እጅግ የወፈረና ጥቂት ነው። ፋንድያው ከመነሻው ደረቅ ስለሆነ የበረሃ ሰው ብዙም ሳያሰጣ ያነደዋል። ኩበት ጠፍጥፎ ለቀናት ፀሐይ ላይ የሚያደርቅ የኛ አገር ሰው ይቀናል።

እንዲህ ሁሉ ተቆጥቦም ጥማቱ መምጣቱ አይቀርም። አብዛኞቹ እንስሳት ከክብደታቸው ወደ 15 በመቶ የሚደርስ ውሃ ካጡ ይሞታሉ። ደማቸው ይወፍርና ልብ መግፋት ያቅታታል። ግመል 25 በመቶ እና ከዚያም በላይ አጥቶ ይራመዳል። ይከሳል፣ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ደሙ ግን መፍሰሱን አይተውም።

ከዚያ ጉድጓድ ጋ ይደርሳል። ያቺን ቢጫ የ20 ሊትር ጄሪካን ታውቋታላችሁ። አምስቱን ሙሉ፣ ማለትም 100 ሊትር፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሊጠጣ ይችላል። ሌላ እንስሳ ቢሆን ያ ሁሉ ውሃ በአንዴ ደሙ ውስጥ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈነዳቸው ነበር። የግመል የደም ሕዋስ ግን ከሌሎች አጥቢዎች በተለየ ሞላላ ነው፤ ከእጥፍ በላይ አብጦም አይፈነዳም።

በዚያ ሙቀት ፀጉር ምን ያደርግለታል?

ይሄ ጥያቄ ነው ወደ ካፖርቱ የሚያደርሰን።

ክኑት ሽሚት ኒልሰን የሚባል በኖርዌይ የተወለደ ተመራማሪ ነበር። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ በአልጄሪያ ሰሃራ፣ ቤኒ አቤስ በምትባል ቦታ፣ ግመሎችን አጠና። ከላይ የነገርኳችሁ የሙቀትና የላብ ነገር በአብዛኛው የሱ ሥራ ነው። አንዱ ሙከራው ቀላል ነበር። የአንድን ግመል ፀጉር ሸለተና ካልተሸለተው ጋር ፀሐይ ላይ አቆመው። የተሸለተው ይቀለዋል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ውጤቱ ግን ግልብጥ አለ። የተሸለተው 50 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውሃ በላብ አጣ።

ለምን? የሣር ቤትንና የቆርቆሮ ቤትን ተመልከቱ። በሚያዝያ እኩለ ቀን ባሕር ዳር ውስጥ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ምድጃ ነው። አጠገቡ ያለች የሣር ጎጆ ግን ትቀዘቅዛለች። ሣሩ ፀሐዩን ላዩ ላይ ያስቀረዋል። ሌሊት ደግሞ ያችው ጎጆ ትሞቃለች፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ሣሩ ሥራውን አልቀየረም። ቀንም ሌሊትም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ በውስጥና በውጭ መካከል ቆሞ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል።

የግመል ፀጉርም ጣራ ነው። ቀን የፀጉሩ ጫፍ እጅ ሲያስደነግጥ ቆዳው በሰውነቱ ሙቀት ይቆያል። ሰሃራ ውስጥ ከሙቀት የሚከልለው ጎቢ ላይ ከብርድ ይከልላል። እኛ ካፖርት አድርገን ስንለብሰው ያንኑ ጣራ ተውሰን ነው።

ለስላሳውና ሻካራው ከየት ይመጣሉ?

ከአንድ ጀርባ። የባለ ሁለት ሻኛው ግመል ፀጉር ሁለት ድርብ ነው።

የላዩ ረጅም፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። አንገቱ፣ ጉሮሮውና ሻኛው ላይ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል። ዝናብና በረዶ የሚመታው እሱን ነው። የሥሩ ግን አጭር፣ ቀጭንና ለምለም ነገር ነው፤ ከጫጩት ላባ ጋር ይቀራረባል። ውፍረቱ ከ16 እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነውና የግመሉ ከራሳችን ፀጉር በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ይቀጥናል።

ቆዳ የሚኮሰኩሰን ክር ሲወፍር ነው። ወፍራም ክር ጫፉ እንደ ገብስ ጭድ ይወጋል። ቀጭን ክር ቆዳ ሲነካ ይጎብጣል፤ ለመውጋት አቅም የለውም። የልስላሴና የሻካራነት ነገር በቃ ይሄው ነው።

እንግዲህ እናቴና ወንድሜ ስለ ሁለት የተለያዩ ፀጉሮች ነበር የሚከራከሩት።

ፀጉሩን ከግመሉ እንዴት ያወርዱታል?

ብዙውን ጊዜ ግመሉ ራሱ ያወርደዋል። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ ባለ ሁለት ሻኛው ግመል ፀጉሩን ማርገፍ ይጀምራል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚያ ወቅት ያየው ሰው የታመመ ነው የሚመስለው። ቡትቶ የለበሰ ይመስል ከጎኑና ከአንገቱ ትልልቅ ቁራጭ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

አርቢዎቹ ያንን በእጅ ይነቅላሉ፣ በማበጠሪያ ያወርዳሉ፣ አንዳንዱን ይሸልታሉ። በድሮው የእስያ ቅፍለት ከግመሎቹ ኋላ እየተከተለ የወደቀውን የሚለቅም ሰው ነበር ይባላል። ከአንድ ግመል በዓመት 5 ኪሎ ገደማ ይገኛል።

5 ኪሎው ግን ቅይጥ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ፣ አቧራውና እሾኹ አንድ ላይ ነው። ከባዱ ሥራ እሱን መለየት ነው። በኛ ቋንቋ ጥጥ መዳመጥና መንደፍ እንደምንለው ያለ ነው። እናቶቻችን ጥጡን ከፍሬው ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው ነው ወደ እንዝርት የሚሄዱት። የግመሉም ይታጠባል፤ ከዚያ በማሽን ደጋግሞ ይበጠራል። ከባዱ ወፍራም ፀጉር ወደ አንድ ወገን ይወድቃል፤ ቀላሉ ለምለሙ ይቀራል። ወፍራሙ ገመድ፣ ምንጣፍ፣ ድንኳንና የማሽን ቀበቶ ይሆናል። ለምለሙ ይፈተልና ድርና ማግ ሆኖ ካፖርት ይወጣዋል። ብዙ ጊዜ ከበግ ፀጉር ጋር ይደባለቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጥንካሬውም ይጨምራል።

ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ፣ የተፈጥሮ ቡናማውን አንጥቶ ሌላ ማድረግ ጨርቁን ይጎዳዋል። ስለዚህ እንዳለ ይተዉታል ወይም ወደ ጠቆረ ቀለም ይነክሩታል። «የግመል ቀለም» የሚባለው የፋሽን ቀለም የመጣው ከዚህ ነው። የወንድሜን ጣጣ ያመጣውም እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ምኑ ነው የሚያሞቀው?

ልብስ ራሱ ሙቀት የለውም። ሙቀቱ የኛው ነው። የልብስ ሥራ የኛ ሙቀት እንዳይሸሽ መያዝ ነው፤ የሚይዝበት ዋናው መሣሪያ ደግሞ የቆመ አየር ነው።

የጣናን የደንገል ታንኳ እዩት። ደንገሉ ውስጡ ሰፍነግ መሰል ነው፤ በጥቃቅን ክፍሎች አየር ታፍኖበታል። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ አየሩን ካስወጣ ታንኳው ይከብዳል፤ ለዚያ ነው ባለቤቱ ዳር አውጥቶ አቁሞ የሚያደርቀው።

የግመል ለምለም ፀጉርም እንዲሁ ነው። ክሩ ቀጭንና ጥቅልል ያለ ስለሆነ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይተኛም። በየመካከሉ እልፍ አእላፍ የአየር ኪስ ይፈጥራል። አየሩ መንቀሳቀስ ስለማይችል ሙቀት ይዞ አይወጣም። ብዙ አየር በጥቂት ክር ስለሚታሰር ልብሱ ሳይከብድ ያሞቃል። ባና ለብሶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። የመንዝ ባና ያሞቃል፤ የበግ ፀጉር ነውና ምክንያቱ ያው ነው። ግን ክሩ ወፍራም ነው። ስለዚህ ትከሻ ላይ ይከብዳል፤ አንገትንም ይበላል።

ጋቢስ? ጋቢ ጥጥ ነው። አራት እጥፍ የሚሆነው በየእጥፉ መካከል አየር ለመያዝ ነው። ደረቅ ሲሆን ግሩም ነው። ሲረጥብ ግን ከሰውነት ጋር ይጣበቅና ሙቀት ይሰርቃል። የእንስሳ ፀጉር በዚህ ይበልጠዋል። የአየሩን እርጥበት ወደ ክሩ ውስጥ ስቦ ያስገባል፤ ላዩን ሲነኩት ግን ደረቅ ይመስላል።

እና የመጥምቁ ልብስ ለምን ሻካራ ሆነ?

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ዮሐንስ የግመል ፀጉር ልብስ ለብሶ፣ ጠፍር ታጥቆ፣ አንበጣና የበረሃ ማር ይመገብ እንደነበር ይናገራል። መስከረም 1ን «ቅዱስ ዮሐንስ» የምንለው በእሱ ስም ነው፤ ስለዚህ የልብሱን ነገር የማያውቅ ሰው በኛ ሰፈር የለም።

የይሁዳ በረሃ ባለ አንድ ሻኛ ግመል አገር ነው። ያ ግመል የጎቢን ብርድ አያውቅም። ስለዚህ የሥሩ ለምለም ፀጉር ጥቂትና አጭር ነው። አበጥሮ ለይቶ የሚያወጣ ማሽንም አልነበረም። የተገኘው ሁሉ ወፍራሙም ቀጭኑም አንድ ላይ ተፈትሎ ይሸመናል። የሚወጣው ጨርቅ ጠንካራ፣ ርካሽና ቆዳ የሚፍቅ ነው። ማቅ እንደምንለው ማለት ነው። የድኻና የባሕታዊ ልብስ ነበር። እናቴ በዚህ ልክ ናት።

ወንድሜም በሌላው ልክ ነው። በእንግሊዝ የፖሎ (ፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ተጫዋቾች በጨዋታ መሐል ሲያርፉ ላባቸው እንዳይበርድባቸው ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ሰፊ ካፖርት ነበር። ከለምለሙ የግመል ፀጉር የተሠራ ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አሜሪካ ገባና የሀብታም ተማሪዎች ልብስ ሆነ። ሁለት ረድፍ ቁልፍ፣ ረጅም፣ ቡናማ። ወንድሜ ከሰልባጅ ተራ ያመጣው የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ ቢያንስ በቅርጹ።

ከኛ ግመሎች ለምን አናመርትም?

ኢትዮጵያ ብዙ ግመል ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ግን የኛዎቹ ባለ አንድ ሻኛ፣ የቆላ ግመሎች ናቸው። ፀጉራቸው አጭርና ጥቂት ነው። የሚያረቧቸው ሰዎች የሚፈልጓቸው ለወተት፣ ለሥጋ፣ ለጭነትና ለሽያጭ ነው። የአሳሌን ጨው፣ ማለትም ድሮ እንደ ገንዘብ የተገበያየንበትን አሞሌ፣ ከአፋር ቆላ ያወጣው የግመል ጀርባ ነው።

ጣና ዳር ግመል የማናየውም በምክንያት ነው። የግመል እግር እንደ በቅሎ ጠንካራ ኮቴ የለውም። ከሥሩ ሰፊና ለስላሳ መዳፍ ነው፤ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ከመስመጥ ያድነዋል። ጭቃ ላይ ግን ያንሸራትተዋል። የፎገራን ዋልካ በሐምሌ የረገጠ ሰው ግመሉን አይፈርድበትም። በእርጥብ አገር ደግሞ ተናካሽ ዝንብ ይበዛል። እነሱ የሚያስተላልፉት ሱራ የሚባል የደም በሽታ ግመልን ክፉኛ ይጎዳል። ደጋውን ለበቅሎና ለአህያ የተወው ወዶ አይደለም።

ገበያ ላይ እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ። የውስጥ ኪስ አጠገብ ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች። ክሩ ከምን እንደሆነ በመቶኛ የምትናገረው እሷ ናት። «ካሜል» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የቀለሙ ስም ነው። እኛ ሙሉ ልብስን «ሱፍ» እንደምንለው ነው። ሱፍ የበግ ፀጉር ነበር፤ ዛሬ ሠርግ ላይ የምናየው ብዙው «ሱፍ» በግ አይቶ አያውቅም። (በነገራችን ላይ ሠዓሊዎች «የግመል ፀጉር ብሩሽ» የሚሉትም ከግመል አይሠራም፤ ከሽኮኮ፣ ከፍየልና ከመሰሏቸው ነው።)

ጽሑፉ ከተቀደደ የእሳት ፈተና አለ። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ከሌላ ነገር አርቃችሁ፣ ክብሪት አስነኩት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የሚቀረው አመድ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ፖሊስተርና ናይሎን ይቀልጡና ጠንካራ ዶቃ ይሆናሉ። ይሄ ፈተና ግመልን ከበግ አይለይም። እሱን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው።

የወንድሜን ካፖርት ከከሰሉ አጠገብ ሞከርነው። ክሩ ሸተተ፤ የፀጉር ሽታ ነው። ወንድሜ ፈገግ አለ። ከዚያ እናቴ አመዱን በጥፍሯ ስትጫነው መሐሉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጠንካራ ነገር ቀረች። ገልብጠን ስንፈልግ ጽሑፏን ከኪሱ ውስጥ አገኘናት፦ 80 በመቶ የበግ ፀጉር፣ 20 በመቶ ናይሎን። ከበላይዋ ደግሞ በትልቁ «ካሜል» ይላል። ሻጩ ያየው ያችን ቃል ነው።

ያም ሆኖ ለደብረ ታቦር ብርድ መጥፎ ዕቃ አይደለም። እሁድ ሊሄድ ሲል «እንዴት ላስቀምጠው?» አለኝ። ሙቅ ውሃ እንዳያስነካው፣ እንዳይጠመዝዘው፣ ክረምት ሳይገባ ፀሐይ አስመትቶ፣ ቦርሾ፣ ላስቲክ ውስጥ እንዲያስረው ነገርኩት። አለዚያ ብል ይገባበታል። ብል የሚበላው የእንስሳውን ፀጉር ነው፤ ናይሎኑን አይነካም።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችን።

«እንግዲያው ሃያ በመቶው ይተርፍልሃል» አለችው።